ቱርቦ የሌለው ሞተር ዳይኖ ላይ ስንት ፈረስ አወጣ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዳይኖ ማለት መኪናው የሚያወጣውን የፈረስ ጉልበት የሚለካ ማሽን ነው። እዚህ ያለው ሁሉ ቱርቦም ሱፐርቻርጀርም ለሌላቸው፣ አየሩን በራሳቸው ለሚስቡ ሞተሮች ነው። ቪትዝም ይሁን ኮሮላ፣ ሲቪክም ይሁን የድሮ ቢኤም፣ ልዩነት የለውም። ስታዲየም ጋር ማኪያቶ ይዘው ከሚከራከሩት ጀምሮ ሶማሌ ተራ ዕቃ እስከሚፈልጉት ድረስ ጥያቄው አንድ አይነት ስለሆነ አንዴ ተጽፎ ይቀመጥ ብለን ነው።

የኔ መኪና 94 ፈረስ አወጣ፣ የጓደኛዬ ተመሳሳይ መኪና 101 አወጣ። የሱ በለጠ ማለት ነው?

እስካሁን ምንም ማለት አይደለም። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ማሽን ላይ፣ በተቀራራቢ ሰዓት፣ በአንድ ማርሽ፣ በአንድ አይነት ኮሬክሽን (የአየር ሁኔታ ማስተካከያ ስሌት ነው፣ ከታች እናየዋለን) ካልወጡ ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይቻልም። ቱርቦ ያለው ሰው ሪማፕ (የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም ማስቀየር) አሰርቶ 40 ፈረስ ካገኘ ዳይኖው በ5 ፈረስ ቢሳሳትም ግድ የለውም፣ ለውጡ ከስህተቱ ይበልጣላ። የኛ ሞተር ግን ፊልትሮ፣ ሄደር (ከሞተሩ ጭስ የሚያወጣው ቱቦ)፣ ማርሚታና ሪማፕ አንድ ላይ ተደርጎለት ከ5 እስከ 10 በመቶ ካገኘ ደስ ሊለው የሚገባ ሞተር ነው። ማለትም የምንፈልጋት 5 ፈረስ ራሷ የስህተቱን ያህል ናት። ለዛ ነው ሌሎቹ የሚያልፉትን ዝርዝር እኛ የማናልፈው።

ታዲያ የሚታመነው ንጽጽር የቱ ነው?

የራስ መኪና ከራስ መኪና ጋር፣ ከስራው በፊትና በኋላ፣ በዛው ማሽን ላይ። ከተቻለ በዛው ቀን። አንዴ ብቻ አስረግጣችሁ አትውረዱ፣ ቢያንስ ሶስት ጊዜ ይሩጥና በሶስቱ መሃል ስንት ልዩነት እንዳለ እዩ። ምንም ሳይነካ በሶስቱ ሩጫ መሃል የ2 ፈረስ ልዩነት ካለ፣ አዲሱ ፊልትሮ 2 ፈረስ ጨመረ የሚባል ነገር የለም፣ አልታወቀም ነው መልሱ። ብዙ ሰው ደሞ ከሶስቱ ትልቁን ብቻ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፣ እሱ ለወሬ ነው እንጂ ለስራ አይሆንም።

አዲስ አበባ ላይ ሞተሬ በእውነት ስንት ያጣል?

ሩብ ያህሉን። ቦሌ ኤርፖርት ከባህር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፣ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ደግሞ ከዛም ይጨምራል። ባህር ጠረፍ ላይ የአየር ግፊቱ 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን እዚህ 76 ወይም 77 ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ወደ ሲሊንደር የሚገባለት አየር በዚሁ ልክ ይቀንሳል፣ አየሩ ሲቀንስ ነዳጁም አብሮ ይቀንሳል፣ ጉልበቱም እንደዛው። የውስጥ ፍትጊያው ግን ከፍታ አያውቅም፣ ባህር ጠረፍ ላይ የሚበላውን እዚህም ይበላል፣ ስለዚህ የሚቀረው ጉልበት ከአየሩም ትንሽ በባሰ ሁኔታ ነው የሚወርደው።

በቁጥር እንየው። አንድ ነጥብ አምስቱ የቶዮታ ሞተር፣ ዋን ኤንዜድ የሚባለው፣ ከፋብሪካ 110 ፈረስ ገደማ ተብሎ ነው የሚወጣው። ያ ሞተር ጤነኛ ሆኖ አዲስ አበባ ላይ ሞተሩ ራሱ የሚሰጠው 81 ወይም 82 ነው። ከካምቢዮው፣ ከሴሚያሱና ከጎማው አልፎ መሬት የሚነካው ደግሞ 70 አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ ጎማ ላይ ያለ ኮሬክሽን 70 ያወጣ አንድ ነጥብ አምስት ምንም አልጎደለውም፣ መካኒክ ጋር መሮጥ አያስፈልግም።

ኮሬክሽን ሚባለው ነገር ምንድነው? ኤስኤኢ፣ ኤስቲዲ፣ ዲን እያሉ ይጽፋሉ

ዳይኖው የለካውን ወስዶ "ይሄ ሞተር ስታንዳርድ አየር ላይ ቢሆን ኖሮ ስንት ያወጣ ነበር" ወደሚል ቁጥር የሚቀይር ማባዣ ነው። የአየር ግፊት፣ ሙቀትና እርጥበት ይገባበታል፣ አንድ ቁጥር ይወጣል፣ በሱ ይባዛል። ችግሩ ስታንዳርድ አየር የሚለው ላይ ሁሉም አልተስማማም። ኤስኤኢ ጄ1349 ደረቅ አየር በ99 ኪሎ ፓስካልና በ25 ዲግሪ ይላል። ኤስቲዲ ተብሎ ሚጻፈው የድሮው ጄ607 ነው፣ እሱ 101.3 ኪሎ ፓስካልና 15.5 ዲግሪ ይወስዳል። የጀርመኑ ዲን 70020 ደሞ 101.3 እና 20 ዲግሪ። የአውሮፓው ኢሲኢ ደንብ ቁጥር 85 ከኤስኤኢ ጋር አንድ አይነት አየር ይዞ ስሌቱን ግን በሌላ ቀመር ነው የሚሰራው።

እዛው መኪናችን ላይ እንሞክረው፦ ጎማ ላይ 70 ፈረስ፣ ግፊት 77 ኪሎ ፓስካል፣ ሙቀት 20 ዲግሪ፣ እርጥበት 50 በመቶ። በኤስኤኢ ማባዣው 1.35 ይመጣል፣ 94 ፈረስ። በዲን 1.32፣ 92 ፈረስ። በኢሲኢ 1.36፣ 95 ተኩል። መኪናው አልተነካም፣ የተቀየረው ኮምፒውተሩ ላይ የተመረጠው መስመር ብቻ ነው፣ ግን 3 ፈረስ ተኩል ልዩነት መጣ።

ኤስቲዲስ ካላችሁ፣ እሱ ትንሽ ይገርማል። ባህር ጠረፍ ላይ ኤስቲዲ ከኤስኤኢ 4 በመቶ ገደማ ከፍ ስለሚል የውጭ ሰዎች "ኤስቲዲ ያጋንናል" ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ግን ሁለቱ እኩል ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም፣ ከላይ ባለው ምሳሌ ኤስቲዲም 94 ነው የሚሰጠው። ምክንያቱም ኤስኤኢ ያንን ፍትጊያ፣ 15 በመቶ ገደማ ብሎ፣ ስሌቱ ውስጥ አስገብቶታል፣ ስለዚህ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ማባዣው ከኤስቲዲ ፈጥኖ ያድጋል። የውጭውን ምክር እንዳለ አምጥተን "ከኤስቲዲው 4 በመቶ ቀንስ" ማለት አዲስ አበባ ላይ አይሰራም።

ማባዣው 1.35 መሆኑ ራሱ ችግር አለው?

አለው፣ ዋናው ነገርም እሱ ነው። የኢሲኢ ደንብ ማባዣው ከ0.93 እስከ 1.07 ባለው መሃል ሲሆን ነው ትክክለኛ ብሎ የሚቀበለው፣ ከዛ ካለፈ የተለካበት ሁኔታ በሪፖርቱ ላይ በዝርዝር ይጻፍ ይላል። እኛ 1.35 ላይ ነን። ቀመሩ ለትንሽ የአየር ለውጥ ተብሎ የተሰራ ነው፣ እንደኛ ያለ ደጋ ላይ ሲመጣ ግምት ይሆናል። ወረቀቱ ላይ 94 ከሚለው ውስጥ 70ው የተለካ ነው፣ 24ቱ የተባዛ። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የወጣ ወረቀት ያልተባዛው ቁጥር፣ ግፊቱና ሙቀቱ ካልተጻፈበት ከማንም ጋር ለማወዳደር አይሆንም፣ ለግድግዳ ነው የሚሆነው።

የአየር ግፊቱን ከስልኬ የአየር ሁኔታ አፕ ላይ አይቼ ልሙላ?

በፍጹም። እዚህ ከተማ ውስጥ ብዙ ወረቀት የሚበላሸው በዚች ነገር ነው። አፑ አዲስ አበባ 1018 ሚሊባር ምናምን ይላችኋል። ያ ቁጥር ወደ ባህር ወለል ተቀይሮ የተሰላ ነው፣ የአየር ሁኔታ ባለሙያዎች ጅቡቲንና አዲስ አበባን በአንድ ካርታ ላይ ማየት ስለሚፈልጉ ነው እንደዛ የሚያደርጉት። ሞተራችሁ የሚስበው ግን 770 ሚሊባሩን፣ ማለትም 77 ኪሎ ፓስካሉን ነው። 1018ን ዳይኖው ኮምፒውተር ላይ ብትሞሉት ማባዣው 0.97 ይሆንና ያቺ 94 የነበረችው መኪና 68 ትላለች፣ ከዛ ባለቤቱ ተደናግጦ ካንዴላ ቀይሩልኝ፣ ቴስታታ ይከፈት ማለት ይጀምራል። ምንም ያልሆነ ሞተር።

እውነተኛውን ግፊት ለማግኘት ቀላሉ መንገድ መኪናው ራሱ ነው። ስካነሩን (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን) ሰኩ፣ ቁልፉን አዙሩ፣ ሞተሩን ግን አታስነሱ። ኢንቴክ ማኒፎልድ ፕሬዠር የሚለውን ክፈቱ። ሞተሩ ስላልተነሳ ማኒፎልዱ ውስጥ ያለው አየር የውጭው አየር ነው፣ 76 ወይ 77 ካለ ልክ ነው። አስነሱት፣ ቁጥሩ ወዲያው ወደ 30ዎቹ ሲወርድ ታያላችሁ፣ ሴንሰሩ እየሰራ ነው ማለት ነው። አጥፍታችሁ ስታዩት ተመልሶ 76 ወይ 77 ይላል። ቆሞ 101 የሚል ከሆነ አዲስ አበባ ላይ እንደዛ የሚባል ግፊት ስለሌለ ሴንሰሩን ወይ ስካነሩን ጠርጥሩ። ይሄ የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር (ማፕ ሴንሰር) የሌላቸው መኪኖች ላይ አንዳንዴ ባሮሜትሪክ ፕሬዠር የሚል ለብቻው ይኖራል፣ ባሮሜትር ያላቸው ስልኮችም አሉ፣ ግን አፑ ላይ ወደ ባህር ወለል የተቀየረውን ሳይሆን ቀጥታ ሴንሰሩ ያነበበውን ነው ማየት ያለባችሁ።

አንድ ነገር ብቻ፣ ስካነር ነጥብ የለውም፣ 76 ወይ 77 ብሎ ነው የሚጽፈው። 1 ኪሎ ፓስካል ደሞ 1.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ላይ ልዩነት ያመጣል፣ በኛ መኪና ከ1 ፈረስ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ በፊትና በኋላ ስትለኩ አንዱን 76 አንዱን 77 አድርጋችሁ አትሙሉ፣ ቀኑ አንድ ከሆነ አንድ ቁጥር ያዙ።

ሙቀትስ? ጠዋት ልሂድ ከሰአት?

አዲስ አበባ ጠዋት 12 ዲግሪ ሆኖ ከሰአት 24 ቢደርስ ጉልበቱ ላይ 2 በመቶ ገደማ ለውጥ አለው፣ ያን ኮሬክሽኑ በደንብ ይይዘዋል። እሱ አያሳስብም። የሚያሳስበው የሙቀት ሴንሰሩ የት ተሰቀለ የሚለው ነው። ከራዲያተሩ ጀርባ ወይም ኮፈኑ ስር ከተንጠለጠለ 40 ዲግሪ ያነባል፣ ማባዣው ከ1.35 ወደ 1.40 ይወጣል፣ መኪናው ምንም ሳይሰራለት ከ3 ፈረስ በላይ ያገኛል። ፈረስ ጉልበት በነጻ ማለት ይሄ ነው። ሆን ብሎ የሚያደርገው አለ፣ ሳያውቅ የሚያደርገውም አለ፣ ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ሄዳችሁ ስትቆሙ ሽቦዋን በዓይናችሁ ተከተሏት።

ሌላው ሞተሩ ራሱ ነው። ከመገናኛ ጀምሮ በትራፊክ ተቃጥሎ የደረሰና ግማሽ ሰአት ቆሞ የበረደ መኪና እኩል አያወጡም። የኢንቴክ አየሩ ሲግል ኮምፒውተሩ ማቀጣጠያውን ወደኋላ ይጎትታል። ውሃውና ዘይቱ ወደ ሙቀታቸው ደርሰው፣ ፋን ፊቱ ላይ እየነፋ፣ በሁለት ሩጫ መሃል እኩል ዕረፍት ተሰጥቶት መሆን አለበት።

ከዱባይ ከመኪናው ጋር የመጣ የዳይኖ ወረቀት አለኝ፣ እዚህ ካወጣሁት ጋር ላወዳድረው?

ሁለቱም ወረቀት ላይ ኤስኤኢ ተብሎ ቢጻፍም ተጠንቀቁ። የዱባዩ ባህር ጠረፍ ላይ ስለሆነ ማባዣው 1 አካባቢ ነው፣ ወረቀቱ የሚለውና የተለካው ይቀራረባሉ። የዚህኛው ሩቡ ስሌት ነው። 94 እና 94 ቢመጡ ደስ ይላል፣ 94 እና 90 ቢመጡ ግን መኪናው መንገድ ላይ ደከመ ማለት አይደለም። በተረፈ ሻጩ ያሳያችሁን ወረቀት አይታችሁ እዛ ያለውን ጉልበት እዚህ አትጠብቁ፣ እዛ 94 የነበረው እዚህ 70 ነው የሚነዳው፣ ወረቀቱ አልዋሸም።

ቦሎ ለማውጣት ስንሄድ መኪናው ጎማው የሚሽከረከርበት ማሽን ዳይኖ ነው?

አይደለም። እሱ ፍሬን መለኪያ ነው። ማሽኑ ነው ጎማውን የሚያዞረው፣ እናንተ ፍሬን ስትይዙ በስንት ሃይል እንደሚይዝ ይለካል። ፈረስ ጉልበት አይነግራችሁም።

ጎማ ላይ የተለካውን በ15 በመቶ አሳድጌ የሞተሩን ላውጣ?

ለወሬ ይቻላል። 70ን ለ0.85 ስታካፍሉት 82 ይመጣል፣ በ1.35 ስታባዙት 111፣ ከፋብሪካው 110 ጋር ገጠመ፣ ጥሩ ነው። ግን 15 በመቶ ህግ አይደለም። የፊት ጎማ የሚነዳ ማንዋል ያነሰ ይበላል፣ ከኋላ ዲፈረንሻል ያለው የበለጠ፣ አውቶማቲክ ከዛም የበለጠ። ደሞ የሚጠፋው ሁሉ በመቶኛ አያድግም፣ ሞተሩ 10 ፈረስ ስለጨመረ ካምቢዮው በዛው ልክ ተጨማሪ አይበላም። አንዱ ጋራዥ 15፣ ሌላው 20 በመቶ ይጠፋል ብሎ ቢያካፍል 70ው አንዱ ጋ 82 ሌላው ጋ 87 ይሆናል። ስለዚህ ስታወዳድሩ ጎማ ላይ ያለውን ብቻ ያዙ። "ክራንክ ላይ" (ሞተሩ ራሱ ላይ ማለት ነው) ብሎ ቁጥር የሚሰጥ ሮለር ዳይኖ ሲገጥማችሁ የጎማውን ስጠኝ በሉ።

የዳይኖው አይነት ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። በግርድፉ ሶስት አይነት አለ። አንደኛው ከባድ ሮለር ብቻ ያለው ነው፣ ዳይኖጄት በዚህ ይታወቃል፣ የሮለሩ ክብደት የታወቀ ስለሆነ ፍጥነቱ ምን ያህል ቶሎ እንደጨመረ አይቶ ጉልበቱን ያሰላል። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ ፍሬን እየያዘ የሚለካ ነው፣ ማስታንግ የሚባለው ከነዚህ ነው፣ ሞተሩን በአንድ ዙር (በደቂቃ የሚሽከረከረው) ላይ ይዞ ማየት ስለሚችል ለቱኒንግ ስራ ይመቻል፣ ግን በየጊዜው በክብደት ካሊብሬት ካልተደረገ ይዋሻል። ሶስተኛው ጎማው ተፈቶ ጎማው የሚታሰርበት ሀብ ላይ ቀጥታ የሚገጠም ነው፣ እንደ ዳይናፓክ። በዚህኛው የጎማው ሙቀትና መንሸራተት ስለሌለ ከሮለር ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ዳይኖጄት ከማስታንግ ከፍ ይላል፣ ግን "ስንት በመቶ" ብሎ ማስላት አይቻልም፣ እንደ አስተካካዩ ነው።

ሮለር ላይ ደሞ የጎማ ንፋስና የሚታሰርበት ገመድ አለ። ገመዱ ጠብቆ ሲታሰር ጎማው ሮለሩ ላይ ይጨፈለቃል፣ ጉልበት ይበላል። በፊት ላልቶ በኋላ ጠብቆ ቢታሰር የሰራችሁት ስራ ወደኋላ የመለሳችሁ ይመስላል። አዲስ ቸርኬና ሰፊ ጎማ ቀይራችሁ ከመጣችሁም ንጽጽሩ እዛው ላይ አበቃ።

በየትኛው ማርሽ ነው መለካት ያለበት?

የካምቢዮው ጥርስ ሬሾ 1 ለ 1 የሚቀርብበት፣ አምስት ማርሽ ያለው መኪና ላይ ብዙ ጊዜ አራተኛ። ዋናው ግን በፊትም በኋላም ያው መሆኑ ነው። ሲቪቲ (ቋሚ ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ) ካምቢዮ ያለው ቪትዝ ላይ ሬሾው መሃል መንገድ ላይ ስለሚቀያየር እውነት ለመናገር ብዙ ዋጋ የለውም።

ፒኤስ፣ ኤችፒ፣ ኪሎዋት ልዩነታቸው ምንድነው?

1 ፒኤስ 735.5 ዋት፣ 1 ኤችፒ 745.7 ዋት። ልዩነቱ 1.4 በመቶ ነው፣ ትንሽ ትመስላለች ግን 160 ላይ 2 ፈረስ ናት። የጃፓንና የአውሮፓ ወረቀት ብዙ ጊዜ ፒኤስ ነው፣ የአሜሪካ ዳይኖ ኤችፒ። የድሮ መኪና ካታሎግ ስታነቡ ደግሞ ጃፓኖች በ80ዎቹ አጋማሽ ላይ ሞተሩን ብቻውን ከመለካት ማርሚታውን፣ ፊልትሮውን ጨምሮ ወደመለካት ተሸጋግረዋል። የኮሮላው ፎር ኤጂኢ መጀመሪያ 130 ተብሎ ኋላ ላይ 120 የተባለው ለዛ ነው። አሜሪካኖቹ ይሄንኑ በ1972 ነው ያደረጉት።

ፊልትሮ፣ ሄደርና ማርሚታ ቀይሬ 160 ኒውተን ሜትር ጎማ ላይ አወጣሁ የሚል አንድ ነጥብ አምስት አለ። ይታመናል?

እዚህ ጋ ፈረሱን ተዉትና ቶርኩን (የማሽከርከር ሃይሉን፣ በኒውተን ሜትር የሚለካውን) ለሞተሩ ሊትር አካፍሉት። ቱርቦ የሌለው ሞተር አንድ ሊትር ላይ የሚያወጣው ቶርክ ገደብ አለው፣ ምክንያቱም ሲሊንደሩ ውስጥ ከሚገባው አየር በላይ ማቃጠል አይችልም። ፈረሱን ዙር በመጨመር ማሳደግ ይቻላል፣ ቶርኩን ግን እንደዛ ማታለል ከባድ ነው። የሆንዳው ኤስ2000 በአውሮፓ 240 ፒኤስ በ8,300 ዙር የሚባለው፣ 2 ሊትር ላይ 208 ኒውተን ሜትር ነው፣ ለሊትር 104። የ2000ዎቹ መጀመሪያ የቢኤም ኤም3፣ 343 ፒኤስ፣ ከ3.25 ሊትር 365 ኒውተን ሜትር፣ ለሊትር 112። ፌራሪ 458፣ 4.5 ሊትር፣ 540 ኒውተን ሜትር፣ ለሊትር 120። ይሄ ፌራሪ ነው እንግዲህ፣ ያውም ሞተሩ ላይ የተለካ፣ ባህር ጠረፍ ላይ።

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። 160ን ለ1.5 ስታካፍሉት 107 ይመጣል፣ ጎማ ላይ። ኮሬክሽን ካለበት ሞተሩ ላይ 125 ገደማ ይሆናል፣ ፌራሪውን አለፈው። ኮሬክሽን ከሌለበትማ አንነጋገር። ወይ ወረቀቱ ላይ ማባዣው ሁለቴ ገብቷል፣ ወይ የማርሽ ሬሾው ተሳስቶ ተሞልቷል፣ ወይ ማኖ ነው። ጤነኛ ተራ ሞተር ኮሬክሽን ተደርጎለት ጎማ ላይ ለሊትር ከ80 እስከ 90 ውስጥ ቢመጣ የሚያስከፋ አይደለም፣ ሳይባዛ ደግሞ ከ60 እስከ 67።

ከዚሁ ጋር ግራፉን ስታዩ፦ ፈረስ በኪሎዋት ሲሆን ቶርክ በኒውተን ሜትር ተባዝቶ በዙር፣ ለ9,549 ተካፍሎ ነው። የትኛውም ዙር ላይ ነጥብ ይዛችሁ በስልካችሁ አስሉት። ካልገጠመ ወረቀቱ ላይ የሆነ ሰው እጁን አስገብቷል፣ ወይ ሁለቱ መስመሮች ከተለያየ ሩጫ ነው የመጡት። ስሙዚንግ የሚባለውም አለ፣ መስመሩን የሚያለሰልሰው፣ ዝቅ ሲደረግ ግራፉ ይንቀጠቀጣል፣ ጫፉም የውሸት ከፍ ይላል። ሁለት ወረቀት ሲወዳደር ስሙዚንጉ አንድ ይሁን።

ጫፉን ብቻ አትዩ ደሞ። ካምሻፍት ቀይሮ 7,000 ዙር ላይ 6 ፈረስ ያገኘ ሰው 3,000 ላይ 8 ኒውተን ሜትር ካጣ፣ ከሜክሲኮ እስከ ሳርቤት በየመብራቱ እየቆመ የሚነዳ ከሆነ መኪናው ሰንፎበታል፣ ወረቀቱ ግን እንኳን ደስ አለህ ይለዋል።

ካርቡራቶር ያለው ዲኤክስ አለኝ፣ ለኔም ይሰራል?

ኮሬክሽኑ አንድ ነገር ታሳቢ ያደርጋል፣ የነዳጅና የአየሩ ድብልቅ ልክ ነው ብሎ። ኢንጀክሽን ያለው መኪና በሴንሰሩ ለከፍታው ራሱን ያስተካክላል። ካርቡራቶር ግን ለባህር ጠረፍ የተመረጠች ነዳጅ ማስገቢያ ቀዳዳ ካለችው እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ጥቁር ጭስ፣ ጥቁር ካንዴላ። ያን መኪና ለክታችሁ በ1.35 ብታባዙት ከፋብሪካው ቁጥር በታች ይወጣል፣ ብዙ ሰው ሞተሩ አርጅቷል ይላል። መጀመሪያ ቀዳዳዋን አሳንሱ፣ ድብልቁን ለኩ። ሙሉ ረግጣችሁ የቤንዚን ሞተር አየሩ ለነዳጁ ከ12.5 እስከ 13.2 ለ 1 አካባቢ ሲሆን ነው ጥሩ የሚሄደው። ከዛ ነው ዳይኖ። በነገራችን ላይ ከድሮ መኪና የሚገኘው ትልቁ ጭማሪ እዚህ ጋ ነው፣ ሄደር ከመግዛታችሁ በፊት።

ዳይኖ ላይ ሳልወጣ በስልክ አፕ መንገድ ላይ ብለካስ?

ይቻላል፣ በፊትና በኋላ ለማየት መጥፎ አይደለም። አፑ የመኪናውን ክብደትና ፍጥነቱ እንዴት እንደጨመረ አይቶ ነው የሚያሰላው። ስለዚህ ያው መንገድ፣ ያው አቅጣጫ፣ ያው ሰው፣ ያው የታንከር ነዳጅ። ቁልቁለት ደሞ ይገድለዋል፦ 1,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰአት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 1 በመቶ ቁልቁለት ብቻ 3 ፈረስ ትሰጠዋለች። ከቴዎድሮስ አደባባይ በቸርችል ወደ ለገሃር ወርዶ "ሄደሩ ሰራ" የሚል ሰው የሰራው መንገዱ ነው፣ ያውም ከተማ መሃል እንደዛ መርገጥ ሰው መግደል ነው። ሜዳ ያለ፣ ባዶ የሆነ፣ ፍጥነቱ የተፈቀደበት ቦታ ፈልጉ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ሄዳችሁ አማካዩን ያዙ።

አዳማ ስወርድ መኪናዬ ይበረታል፣ እውነት ነው ወይስ ስሜት?

እውነት ነው። አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ አየሩ ከ77 ወደ 83 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይወጣል፣ 8 በመቶ። ሄደርና ማርሚታ ለሚባለው የምትከፍሉትን ያህል ፈረስ የቶል ብቻ ከፍላችሁ ነው ያገኛችሁት።

ለቱርቦ መኪናስ ይሄው ኮሬክሽን ይሰራል?

አይሰራም። ቱርቦው በፍጥነት እየዞረ የጎደለውን አየር በከፊል ስለሚሞላ በ1.35 ማባዛት ያልጠፋን ጉልበት መመለስ ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ የምትሰሟቸው ጉድ የሚያሰኙ የቱርቦ ቁጥሮች ግማሹ ከዚህ ነው የሚመጡት። የኤሌክትሪክ መኪና ደሞ አየር ስለማይስብ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለበትም፣ ዱባይም አዲስ አበባም ያው ነው፣ አሁን መንገዱ በነሱ ሲሞላ መብራት ላይ ጥለውን የሚሄዱበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

ልለካ ስሄድ ምን ልጠይቅ?

ሳትታሰሩ በፊት ኮሬክሽኑ የቱ እንደሆነ ጠይቁ፣ ግፊቱ ከማሽኑ ሴንሰር ነው ወይስ በእጅ የተሞላ በሏቸው፣ በእጅ ከሆነ ከስካነራችሁ ጋር አስተያዩት። ሲጨርሱ ሁለት ወረቀት አትሙልኝ በሉ፣ አንዱ ኮሬክሽን ያለበት፣ አንዱ የሌለበት። ብዙ ቦታ ይሄን ስትጠይቁ "አይ ወንድሜ እሱ ዝቅ ያለ ነው፣ ምን ያደርግልሃል" ይሏችኋል። ዝቅ ያለውን ነው የምፈልገው በሉና አሳትሙት፣ ጀርባው ላይ ግፊቱን፣ ሙቀቱን፣ ማርሹን፣ የጎማ ንፋሱን በእስክርቢቶ ጻፉበት። ከስድስት ወር በኋላ ካምሻፍት ቀይራችሁ ስትመለሱ የሚያስፈልጋችሁ ያ ወረቀት ነው።